«ጌጁ ነው» ከማለታችን በፊት

በዚህ እትም ከሳሎንና ከማዕድ ቤት ወጣ ብለን ወደ መኪናችን እንገባለን። ብዙዎቻችን ባለትዳሮች ሳንነሣ ጎን ለጎን የምንቀመጠው መኪና ውስጥ ነው፤ ከምንጨቃጨቅባቸው ቦታዎችም አንዱ እርሱ ነው። ዛሬ የማነሣው ዳሽቦርድ ላይ ስላሉት ጌጆች ነው። አንዱ ጌጅ ያልተለመደ ነገር ሲያሳይ ምን እናደርጋለን? ለመልሱ ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከዘመድ ሠርግ አድረን እሁድ ከሰዓት በኋላ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ እየተመለስን ነበር። ልጆቹ ከኋላ ወንበር ተኝተዋል። መኪናችን ዕድሜዋ ከትዳራችን ይበልጣል። ያን ሰሞን ደግሞ የሙቀት ጌጁ ቀስት ጠባይዋን ቀይራ ነበር፤ ድንገት ከመሃል ተነሥታ ወደ ላይ ዘለል ትልና ወዲያው ትመለሳለች። ባለቤቴ ይህን ባነሣች ቁጥር መልሴ አንድ ነበር፤ «ጌጁ ነው፤ መኪናዋ ምንም አልሆነችም።»

ሞጆን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ቀስቷ እንደገና ወደ ላይ ወጣች። ባለቤቴ «እስቲ እያት» አለችኝ። እኔም የተለመደውን መልሴን ሰጠሁ። ብዙም ሳይቆይ ቀስቷ ወረደች፤ መሃል ላይም አልቆመችም፣ ጭራሽ «ሲ» የሚለው ፊደል ላይ ተኛች። «አየሽ? ቀዘቀዘ» አልኳት። «ሽቅብ እየወጣን እንዴት ይቀዘቅዛል? ቁምና እንየው እንጂ» አለች። አልቆምኩም። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሞተሩ ጉልበት እያጣ መጣ፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ፤ መኪናዋም በዚያው ቆመች። ልጆቹ ከእንቅልፋቸው ነቅተው «ቤት ደረስን?» ብለው ጠየቁ።

በማግስቱ መካኒኩ ሞተሩን ከፍቶ አሳየኝ። ቴስታታው ተጣሟል፤ ጓርኒሲዮኑም ተቃጥሏል። ለልጆቹ ትምህርት ቤት ያስቀመጥነው ገንዘብ ወደ ጋራዥ ሄደ። እኔ ግን አሁንም «ጌጁ ተበላሽቶብኝ እኮ ነው» እላለሁ። መካኒኩ ቀና ብሎ አየኝና «ጌጁ እኮ ደኅና ነው። ውኃው ነው ያለቀው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የራዲያተሩ ጎማ ቱቦ ትንሽ ተሰንጥቆ ኖሯል። ሞተሩ ሲሞቅና ግፊት ሲበረታ ጠብ ጠብ ይላል፤ ሲቀዘቅዝ ይቆማል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መሬት ላይ ምንም አይታይም። ውኃው በጎደለ ቁጥር ቦታውን አየር ይይዘዋል፤ አየሩና እንፋሎቱ በሙቀት ሴንሰሩ አጠገብ ሲያልፉ ቀስቷ ትዘልላለች። በመጨረሻ ውኃው ከሴንሰሩ በታች ሲወርድ ሴንሰሩ ባዶ ላይ ቀረ። አየር ደግሞ እንደ ውኃ ሙቀት አያቀብልም። ሞተሩ እየነደደ ቀስቷ «ቀዝቃዛ» ላይ የተኛችው ለዚህ ነው። ባለቤቴም ትክክል ነበረች፤ ጌጁም የሚችለውን ያህል ተናግሯል። ሁለቱንም ያልሰማው ሹፌሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጌጆች የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ባልም ሚስትም ሊያውቁት የሚገባ ነው፤ አብዛኛው የመካኒክ ሙያ አይጠይቅም።

ጌጅ እንዴት ይሠራል?

በቀድሞዎቹ መኪኖች አንድ ጌጅ ሦስት ነገሮች አሉት። አንደኛው ሴንሰሩ ነው፤ የሙቀቱ ሞተሩ ላይ፣ የነዳጁ ታንኩ ውስጥ ይገኛል። ሁለተኛው ከሴንሰሩ ወደ ዳሽቦርድ የሚመጣው ሽቦ ነው። ሦስተኛው ከፊታችን የምናየው ጌጁ ራሱ ነው። የሙቀት ሴንሰር ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይቀንሳል፤ ብዙ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ቀስቷም ትወጣለች። የነዳጁ ደግሞ እንደ ሽንት ቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ተንሳፋፊ አለው። ነዳጁ ሲጎድል ተንሳፋፊው ይወርዳል፤ ክንዱም ተቃውሞውን ይለውጣል።

በአዳዲሶቹ መኪኖች ሴንሰሩ መጀመሪያ ለኮምፒውተር ይናገራል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ከቀስቷ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ሞተር ያዝዛል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች አምራቾቹ ቀስቷ መሃል ላይ ጸንታ እንድትቆም አድርገዋታል። የውኃው ሙቀት በአሥርና በሃያ ዲግሪ ከፍና ዝቅ ቢል እንኳ አትነቃነቅም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ መኪና ቀስቷ ከመሃል በጥቂቱ ከፍ ካለች ችግሩ ጥቂት አይደለም።

አንደኛ፦ ጌጁ እውነት እንደሚናገር ቁጠሩ

ጌጅ ያልተለመደ ነገር ሲያሳይ በቅድሚያ የሚመረመረው ጌጁ ሳይሆን ጌጁ የሚናገርለት ነገር ነው። የሙቀቱ ከሆነ፣ ጠዋት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በቀዘቀዘበት ሰዓት የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ ውኃውን እዩ። ተጠባባቂ ፕላስቲኩን ብቻ አይታችሁ አትመኑ፤ ፕላስቲኩ ሞልቶ ራዲያተሩ የሚጎድልበት ጊዜ አለ። ሞተሩ ሲሞቅ ግን ክዳኑን ፈጽሞ አትክፈቱ። ታምቆ የቆየው ውኃ ፊትና እጅ ያቃጥላል።

ክዳኑ ራሱ ተራ ክዳን አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተር ውኃ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ 90 ዲግሪ ተጠግቶ ነው የሚሠራው። ታዲያ ዕለት ዕለት የማይፈላው ለምንድን ነው? ክዳኑ ግፊት ስለሚያምቅለት ነው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር የምታዩት የግፊቱ ልክ ነው፤ ደኅና ክዳን የመፍያውን ልክ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግን በደጋ አገር ያለ መኪና በቆላ ካለው ቀድሞ ይፈላል። ቀስቷ ሽቅብ ስትወጡ ብቻ ከፍ የምትል ከሆነ ስለ ጌጁ ከማሰባችሁ በፊት ክዳኑን አስለውጡ። ዋጋው ከሌላው ሁሉ ያነሰ ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ቀስቷ ቀኑን ሙሉ ከቀዝቃዛው ሳትነሣ ትውላለች እንበል። ብዙዎች «ጌጁ ሞቷል» ይላሉ። በእኛ አገር ግን ሌላም የተለመደ ምክንያት አለ፤ «እንዳይፈላ» ተብሎ ቴርሞስታቱ ወጥቶ ተጥሎ ይሆናል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፍ በር ነው፤ በብዙ መኪኖች በ82 ወይም በ88 ዲግሪ ገደማ መከፈት ይጀምራል። እርሱ ሲወጣ ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል፤ ነዳጅ ይበላል፤ ቶሎም ያረጃል። ጌጁ በዚህ ጊዜ ሐሰት አልተናገረም። በር ሆኖ የተሠራውን ነገር አስመልሱለት እንጂ ጌጁን አትቀይሩ።

ሁለተኛ፦ ስንት ጌጅ ታሟል?

ውኃውም ክዳኑም ቴርሞስታቱም ደኅና ሆነው ከተገኙ አሁን ጌጁን መጠርጠር ይቻላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ምንም መሣሪያ አይፈልግም፤ የታመመው አንድ ጌጅ ነው ወይስ ሁሉም?

ሁሉም አንድ ላይ ከሞቱ ወይም አንድ ላይ ከተሳሳቱ ሴንሰሮቹ ሁሉ በአንድ ቀን ተበላሹ ማለት ዘበት ነው። የሚጋሩትን ነገር ፈልጉ፤ ፊውዙን፣ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረውን የግራውንድ ሽቦ፣ ከጌጆቹ ጀርባ ያለውን ሶኬት። የዝገትና የላላ ብሎን ሥራ ብዙ ነው። መብራት ሲበራ ወይም ፍሬቻ ሲታይ ቀስቶቹ አብረው የሚወዛወዙ ከሆነ ግራውንዱን በቅድሚያ ጠርጥሩ። እንደ ቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች ባሉ የእንግሊዝ መኪኖች ደግሞ ለነዳጁና ለሙቀቱ ጌጅ 10 ቮልት ገደማ እያመጣጠነ የሚልክ ትንሽ ዕቃ አለ። ሁለቱ ጌጆች አንድ ላይ ከልክ በላይ ወይም በታች ካሳዩ ጥፋቱ በአብዛኛው የእርሱ ነው።

አንዱ ብቻ ከታመመ ግን ፍለጋው በዚያ ጌጅ መስመር ላይ ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛ፦ ሴንሰሩ ነው፣ ሽቦው ነው ወይስ ጌጁ?

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ያገለገለ የጌጅ ሰሌዳ ሙሉውን ገዝተን ካስገጠምን በኋላ ችግሩ ያው ሆኖ ይገኛል። ከመግዛታችሁ በፊት ባለሙያውን ይህን ፈተና እንዲያደርግ ጠይቁት።

በቀድሞዎቹ ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር መኪኖች ሽቦው ከሙቀት ሴንሰሩ ላይ ይነቀላል፤ ቁልፉም ይከፈታል። ቀስቷ ቀዝቃዛው ላይ መተኛት አለባት። ከዚያ የሽቦው ጫፍ በትንሽ አምፖል በኩል ከሞተሩ ብረት ጋር ይነካካል። ቀስቷ ወደ ላይ ከተነሣች ጌጁም ሽቦውም ደኅና ናቸው፤ ሴንሰሩ ይለወጥ። ካልተነሣች ጥፋቱ ሽቦው ወይም ጌጁ ላይ ነው። አምፖሉ ኤሌክትሪኩ ከመጠን በላይ እንዳያልፍና ጌጁን እንዳያቃጥል ይከላከላል። ይህ ፈተና ግን ሴንሰሩ ከኮምፒውተር ጋር በሚነጋገርባቸው መኪኖች ላይ አይሠራም፤ ጉዳትም ሊያደርስ ይችላል።

ለእነዚህ ሌላ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ መኪኖች በሙሉ፣ በአውሮፓም እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ የወጡት የቤንዚን መኪኖች፣ ከሹፌሩ ጉልበት በላይ አካባቢ የመመርመሪያ ሶኬት አላቸው። ትንሽ የመመርመሪያ መሣሪያ ሲሰካ ኮምፒውተሩ የሚያውቀውን ሙቀት በቁጥር ያሳያል። መሣሪያው 90 ዲግሪ እያለ ቀስቷ ቀዝቃዛ ላይ ከተኛች ጥፋቱ ወደ ዳሽቦርዱ ያደላል። አንዳንድ መኪኖች ግን ለኮምፒውተሩ አንድ፣ ለጌጁ ሌላ ሴንሰር ስላላቸው ባለሙያው ይህንን ማጣራት አለበት።

የነዳጅ ጌጅ ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ታንኩ ውስጥ ነው። ተንሳፋፊው ተቀድዶ ነዳጅ ከገባበት ይሰጥማል፤ ጌጁም ሙሉ ታንክ ይዛችሁ «ባዶ» ይላል። ክንዱ የሚሄድበት ገጽ ካለቀ ደግሞ ቀስቷ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ትጠፋለች፤ ከዚያ ስታልፍ ትመለሳለች። ሁልጊዜ በዚያው ቦታ ላይ መሆኑ ምልክቱ ነው። በኦም መለኪያ ሲለካም ክንዱ ከታች ወደ ላይ ሲንቀሳቀስ ቁጥሩ ሳይቆራረጥ መለወጥ አለበት። ቁጥሩ ከመኪና መኪና ይለያያል። በብዙ የአሜሪካ ጌጆች ባዶ 240፣ ሙሉ 33 ኦም ነው፤ በብዙ የአውሮፓ ደግሞ ባዶ 10፣ ሙሉ 180 ኦም ገደማ ነው። እንደምታዩት አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ከሌላ መኪና የተነቀለ ሴንሰር ሲገጠም ጌጁ ተገልብጦ የሚያነበው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሥራ የቤንዚን ትነት ስላለበት በቤት ውስጥ ወይም እሳት ባለበት አይሠራም፤ ባትሪውም አስቀድሞ ይነቀላል።

ጌጁ ራሱ በእርግጥ የሚበላሽበት ጊዜም አለ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ ሊያውቁት ይችላሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 ሞዴል በሆኑ የጄኔራል ሞተርስ ፒክአፖችና ትላልቅ የቤት መኪኖች ላይ ከቀስቶቹ ጀርባ ያሉት ትንንሽ ሞተሮች በብዛት ተበላሽተዋል። መኪናው ቆሞ ቀስቷ ፍጥነት ታሳያለች፤ ወይም አንድ ቦታ ላይ ተጣብቃ ትቀራለች። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተበላሹትን ሞተሮች ብቻ መለወጥ ይቻላል፤ ሰሌዳውን በሙሉ መጣል አያስፈልግም። ዳሽቦርዱን በጡጫ ስትመቱት ቀስቷ የምትመለስ ከሆነ ደግሞ የላላ ሶኬት ወይም የተሰነጠቀ ብየዳ እንዳለ ነግራችኋለች። ያንን ለባለሙያው ንገሩት እንጂ መምታቱን እንደ ጥገና አትቁጠሩት።

አንድ ነገር ግን አደራ። የጌጅ ሰሌዳ ሲለወጥ የተጓዘበት ኪሎ ሜትር ቁጥርም አብሮ ሊለወጥ ይችላል። 250,000 የሄደ መኪና 90,000 የሄደ መስሎ ይታያል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ቁጥሩን ለማታለል መለወጥ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉ ባይኖርስ? መኪናውን የምትሸጡለት ሰው የልጆቹን ወተት ቀንሶ ያጠራቀመውን ገንዘብ ነው የሚሰጣችሁ። ሰሌዳው በተለወጠ ዕለት የነበረውን ኪሎ ሜትር ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ስትሸጡም ንገሩት።

በመንገድ ላይ ብትሆኑስ?

ቀስቷ ወደ ቀይ ስትጠጋ ኤሲውን አጥፉና ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። ወዲያው መቆም በማይቻልበት ቦታ ከሆናችሁ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ ከሞተሩ ጥቂት ሙቀት ይወስዳል። ከቆማችሁ በኋላ ሞተሩን አጥፉ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አትድፉበት፤ ብረቱ ይሰነጠቃል።

እኔን ያሳሳተኝን ደግሞ አትርሱ። ወደ ላይ ወጥታ የነበረች ቀስት እናንተ ምንም ሳታደርጉ ድንገት ወደ ቀዝቃዛው ከወደቀች የምሥራች አይደለም። ማሞቂያውን ክፈቱት፤ ሞቃት በመሆን ፈንታ ቀዝቃዛ አየር ካመጣ ውኃው አልቋል ማለት ነው። በዚያው ቁሙ።

የነዳጅ ጌጁ እስኪሠራ ድረስ ደግሞ በሞላችሁ ቁጥር የጉዞ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መልሱ። መኪናችሁ በአንድ ታንክ ስንት እንደሚሄድ ካወቃችሁ መንገድ ላይ አትቀሩም።

ለባልና ሚስት

መኪናችን ተጠግና ከወጣች በኋላ ከባለቤቴ ጋር ሁለት ነገር ተስማምተናል።

አንደኛው ደብተር ነው። ሁለታችንም ስለምንነዳት፣ አንዳችን ያየነውን ሌላው አያውቅም ነበር። አሁን መኪናዋ ውስጥ ትንሽ ደብተር አለ። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና ያየነውን እንጽፋለን። «ሽቅብ ስወጣ ቀስቷ ከፍ አለች፤ ሜዳ ላይ ተመለሰች።» «ውኃ ጨመርኩ፤ ግማሽ ሊትር ወሰደ።» ይህችን የመጨረሻዋን ዓይነት መስመር ሁለት ጊዜ ብንጽፍ ኖሮ ቴስታታው አይጣመምም ነበር። ለመካኒኩም ቢሆን «አንዳንዴ እንዲህ ይላል» ከማለት ይሻላል።

ሁለተኛው ስምምነት ከሁለታችን አንዳችን «ቁም» ወይም «ቁሚ» ካልን መኪናዋ ትቆማለች የሚል ነው። ክርክሩ ከቆምን በኋላ ይሁን። ምክንያት ሳይኖር ብንቆም የምናጣው አሥር ደቂቃ ነው።

ይህን ስናወራ ባለቤቴን ይቅርታ ጠየቅኋት። «ስለ ሞተሩ ነው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። ሳምንታት ሙሉ ስትነግረኝ «ጌጁ ነው» እያልኩ ስለመለስኩላት ነበር። ጥቂት ዝም አለችና «እንግዲያው ነገ ጠዋት ውኃውን አንተ እየው» አለችኝ። አየሁት፤ ሙሉ ነበር። ደብተሩ ላይም ጻፍኩት።